የምርኮና የግዞት ወረቀቶች

በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከጎሬ ይዘውት የወጡት ጦር ስንቁም ጥይቱም አልቆ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበበ። ራስ እምሩ መሣሪያቸውን አስረክበው ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴትም ታሰሩ። ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ሐምሌ መጨረሻ፣ ከሥልጣን የወረደው ሙሶሊኒ ወደዚያችው ደሴት ተወስዶ እሳቸው ታስረውበት በነበረው ቤት ተቀመጠ። የራስ እምሩ ማስታወሻ «ካየሁት ከማስታውሰው» በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው ግን በ2002 ዓ.ም. ነው። ያኔ እሳቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት ሊሆን ነበር።

የጦር ምርኮኞችንና የእስር ቤቶችን አሮጌ ሕትመት የሚሰበስብ ሰው ይህን መዘግየት ደጋግሞ ያገኘዋል። የታሰረው አውሮፓዊ ከሆነ መጽሐፉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይወጣል። የታሰረው ሐበሻ ከሆነ ወይ ብዙ አሥርት ዓመታት ይጠብቃል፣ ወይ ጭራሽ አይታተምም።

ነገሩ በመቅደላ ይጀምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን፣ ሚስዮናዊውን ሄንሪ ስተርንን፣ በኋላም ሊያስፈቱ የመጡትን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምንና ዶክተር ሄንሪ ብላንክን አስረው አምባው ላይ አስቀመጡ። ጄኔራል ናፒየር ከቦምቤይ ጦር ይዞ መጣ፣ እስረኞቹ ተፈቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። ስተርንና ብላንክ መጽሐፋቸውን በዚያው ዓመት ለንደን ላይ አሳተሙ፤ የራሳም ሁለት ቅጽ በዓመቱ ተከተለ። ሥዕላዊው የለንደን ጋዜጣ ሰዓሊውን ዊሊያም ሲምሰንን ወደ ዘመቻው ልኮ ነበር። ሥዕሎቹ በጠንካራ እንጨት ላይ ተቀርጸው ይታተሙ ነበር፤ አንዱ ትልቅ ሥዕል ለብዙ ቀራጮች ተከፋፍሎ፣ ቁርጥራጩ በመጨረሻ በብሎን ይገጣጠማል። ዛሬ በአሮጌ ወረቀት ገበያ በነጠላ የሚሸጡት የመቅደላ ገጾች ከዚያ ጋዜጣ ጥራዝ የተቀደዱ ናቸው። በጀርባቸው የጋዜጣው ጽሑፍ አለ፤ ሲታተሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበሩ ቀለም ያለበት ገጽ ኋላ በእጅ የተቀባ ነው። ሰብሳቢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ገጹን ገልብጦ ይይ።

በዚያው አምባ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ነበሩ። ምኒልክ ራሳቸው አሥር ዓመት ያህል እዚያ በግዞት ኖረው በ1857 ዓ.ም. ነው ያመለጡት። እንግሊዞች ሊደርሱ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ደግሞ ከሐበሾቹ እስረኞች ብዙዎቹ ተገድለው ወደ ገደል ተወረወሩ። የእነዚህን ሰዎች ታሪክ የምናነበው ከፈረንጆቹ እስረኞች መጽሐፍ ነው፤ እዚያም አልፎ አልፎ ብቻ። የራሳቸው አንድ ገጽ የለም።

ከዓድዋ በኋላ ተራው የጣሊያን ሆነ። ወደ 1,900 የሚጠጉ ጣሊያናውያን ተማርከው ብዙዎቹ እስከ ሸዋ ተወሰዱ፤ በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባ ውል ሰላም ወረደ፣ ጣሊያንም ለምርኮኞቹ ቀለብ 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። ሜጀር ጆቫኒ ጋሜራ የሸዋ ምርኮውን ትዝታ እ.ኤ.አ. በ1897 ፊሬንዜ ላይ አሳተመ፤ ሌሎችም ተከተሉት። እነዚህ መጻሕፍት ለእኛ ታሪክ ዋጋቸው ትልቅ ነው፤ ምርኮኛ የሚበላውን፣ የሚያድርበትን ቤት፣ የገበያውን ዋጋና የጠባቂውን ጠባይ ከማንም ይበልጥ ልብ ይላል። ነገር ግን ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው ተማርከው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው የተቆረጠባቸው አስካሪዎች መጽሐፍ አላሳተሙም። እነሱን ረስቶ የዓድዋን ወረቀት መሰብሰብ ጎዶሎ ነው።

ከሁሉ በላይ መፈለግ ያለበት ሕትመት ግን የታተመው እዚሁ አገር ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ሶማሊያው ደናኔ፣ ወደ ቀይ ባሕሩ ኖክራ፣ መኳንንቱንም በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው ደሴት ወደ አዚናራ አጋዘ። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የጦር ወንጀለኞቹን ለፍርድ ለማቅረብ ሲከራከር በሁለት ቅጽ የፎቶግራፍና የሰነድ መድበል በፈረንሳይኛ አወጣ። የፍትሕ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 የጣሊያንን ቴሌግራሞችና የምስክሮችን ቃለ መሐላ በሁለት ቅጽ በእንግሊዝኛ አሳተመ። ከደናኔ የተረፉት አቶ ሚካኤል ተሰማ እዚያ ከገቡት 6,500 እስረኞች 3,175ቱ መሞታቸውን የመሰከሩት በዚህ በሁለተኛው ሕትመት ነው። ሞቱን ያመጣው ረሃቡ፣ የተበላሸው ውሃና በሽታው ነበር። የሕትመቱ ወረቀት ተራ፣ ጥራዙም ቀላል ስለሆነ በአሮጌ መጻሕፍት መካከል ዓይን አይስብም። ከመቅደላ የጋዜጣ ገጽ ይልቅ ግን ለአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተ መጻሕፍት እሱ ይበልጣል። በፎቶግራፉ መድበል ውስጥ ወራሪዎቹ ራሳቸው ለማስታወሻ ያነሷቸው የተሰቀሉና የተገደሉ ሰዎች ምስሎችም አሉ፤ እነዚህን ቆርጦ በነጠላ መሸጥ ነውር ነው።

ዕጣው ተገልብጦ ጣሊያናውያኑ ሲማረኩ ግን መጽሐፋቸው እንደገና ቶሎ ወጣ። በሰኔ 1933 መጨረሻ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ሳዮ፣ ማለትም ደምቢ ዶሎ ላይ፣ ለቤልጂግ ኮንጎ ጦር እጁን ሰጠ። አዲስ አበባ ይሠራ የነበረው የቅኝ አስተዳደር ሠራተኛ ፌሊቼ ቤኑዚም ተማርኮ ኬንያ፣ ናንዩኪ ካምፕ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1943 ጥር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከካምፑ ሾልኮ የኬንያን ተራራ ወጣ፤ እንደ ካርታ ይዘውት ከሄዱት ነገር አንዱ በጣሳ ሥጋ ላይ ተለጥፎ የነበረ የተራራው ሥዕል ነበር። ተመልሰውም እጃቸውን ሰጡ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1947 ጣሊያን አገር ታተመ፤ ከምርኮው ስድስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው።

በደቡብ ምዕራብ ላሉት ለቱምና ለማጂ ሰው ደግሞ ሌላ መደርደሪያ አለ፤ የዚያ ምርኮ የባሪያ ንግድ ነበር። በማጂ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ፤ ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰን ስለ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁለት መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1927 እና በ1929 አወጣ። ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ሜጀር ሄንሪ ዳርሊ ስለ ባሪያ ንግድና ስለ ዝሆን ጥርስ የጻፈው መጽሐፍ ታትሟል። በመሣሪያ ተይዘው፣ ታስረው ወደ ሰሜን የተነዱት የዲዚና የጎረቤቶቻቸው ልጆች በእነዚህ ገጾች ያለ ስም ያልፋሉ። ጸሐፊዎቹ የግዛታቸውን ጥቅም እያሰቡ የጻፉ በመሆናቸው ቃላቸው እንዳለ አይወሰድም፤ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ትዝታ ጋር አጠገብ ለአጠገብ መነበብ አለበት። የቱም ወይም የሚዛን ትምህርት ቤት አንዱን ቢያገኝ ከግድግዳ አርቆ፣ ነፋስ በሚገባበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠው፤ በቡና አገር ዝናብ ሻጋታ ከምስጥ ይቀድማል። ሲገዛም የታጠፈው ካርታ ከውስጡ አለመቀደዱን ይይ፤ የመንደሮቹ የድሮ ስም ያለው እዚያ ላይ ነው።