«ዝቅተኛ ደመወዝ» ወይስ «የደመወዝ ወለል»?

«በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የግል ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም።» ይህን ዓረፍተ ነገር የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ ብትሰማው ምን ትል ይሆን? በዚያው ዓመት የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የፓርኩ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር መዝግቧል። ዝቅተኛ ደመወዝማ ሞልቶ ነበር። ያልነበረው፣ ማንም አሠሪ ከእሱ በታች እንዳይከፍል በሕግ የተቆረጠ ልክ ነው። «ሚኒመም ዌጅ»ን «ዝቅተኛ ደመወዝ» ብለን ስለመለስነው ግን ሠራተኛዋን ያስመረራትም የተነፈጋትም ነገር አንድ ስም ይዘው ቀሩ።

ሌሎች አማራጮችም ተሞክረዋል። «መነሻ ደመወዝ» መልካም አማርኛ ነው፤ ሆኖም በደመወዝ እርከን ውስጥ የጀማሪን ክፍያ ለመጥራት ቀድሞ ተይዟል። «አነስተኛ ደመወዝ» ከ«ዝቅተኛ» አይሻልም፤ ሁለቱም መጠን ይገልጻሉ እንጂ ወሰን አያበጁም። እኔ የምደግፈው «የደመወዝ ወለል»ን ነው። ወለል የእንግሊዝኛ ጥላ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን የደመወዝ ጣሪያ፣ የዋጋ ጣሪያ እያልን ስንናገር ባይተዋርነት ተሰምቶን አያውቅም፤ ጣሪያውን ከተቀበልን ወለሉን የምንገፋበት ምክንያት የለም። አማርኛ ለሥራና ለክፍያ ቃል ቸግሮትም አያውቅም። ደመወዝን ብዙዎች ከ«ደም» እና ከ«ወዝ» ያዛምዱታል፤ የአብዮቱ ዘመን ደግሞ ወዝ አደር፣ ላብ አደር፣ ሠርቶ አደር የሚሉትን ጎን ለጎን አሰልፎ አከራክሯል። ያ ክርክር ዛሬም ቢደረግ ምን ነበረበት?

«ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል» የሚለውን ማስታረቂያ ግን አልቀበልም። ወለል ራሱ የታችኛው ጫፍ ነው፤ «ዝቅተኛ» ሲጨመርበት ገና ያልተቆረጠውን መጠን ዝቅ ይበል ብሎ የሚፈርድ ይመስላል። መጠኑን መፍረድ ግን የስያሜው ሥራ አይደለም፤ ለዚህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት፣ የሠራተኞችና የሌሎች ባለድርሻዎች ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። የቦርዱ ሥራ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያ አጥንቶ ልኩን በየጊዜው መከለስ ነው። ሠራተኛ ማኅበራት በዚያ ጠረጴዛ ሲቀመጡ የሚከራከሩት ወለሉ ከፍ እንዲል ይሆናል። «ዝቅተኛ ደመወዝ ከፍ ይበል» ሲሉ አሠሪው የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ አድርጎ ሊሰማውና ለኅብረት ድርድር ሊያቆየው ይችላል፤ «የደመወዝ ወለል ይቆረጥ» ሲሉ ግን ጥያቄው ለሕግ አውጪው መሆኑ ያለ ማብራሪያ ይገባል።