ጡረታ ባሕር ማዶ ይከተላል ወይ?

በደሃናም ሆነ በሰቆጣ ልጆቹ ውጭ አገር የጠሩት ጡረተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጡረታዬስ?» ብሎ ነው። ታሪኩን ላውጋችሁ።

ድሮ መንግሥትን ያገለገለ ሰው ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር። መሬት ተሸክመውት አይሄዱም፤ እሱም በየካቲት 1967 አዋጅ ቀረ። የደመወዝተኛው ጡረታ በ1953 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ ተጀመረ፣ በ1955 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209 ተከተለ። ሠራተኛው ከመቶ 4፣ መንግሥት 6 ያዋጡ ነበር፤ ዛሬ 7 እና 11 ሆኗል።

ጡረታው የሚቆጠረው በብር ነው፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። እስከ 1984 ማብቂያ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ስለነበር መቶ ብር ጡረታ 48 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። በመስከረም 1985 ዶላሩ 5 ብር ሲገባ ያው መቶ ብር 20 ዶላር ሆነ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ አሁንማ መቶ ብር አንድ ዶላርም አይሞላ! በዚህ ጡረታ ውጭ አገር ቤት ኪራይ እከፍላለሁ ማለት ዘበት ነው። ጣልያን ለኤርትራ አስካሪዎቹ ጡረታ ይከፍል ነበር፤ ከጠንካራ ገንዘብ ወደ ደካማው ሲመጣ ትንሹም ይበረክታል፣ የኛ መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ስለዚህ ጡረታውን እዚሁ ትቶ ለሚስት ወይም ለወንድም ውክልና መስጠት ይሻላል። ሳይሰጥ የሄደ ሰው በኤምባሲያችን አስመስክሮ ይልካል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጥለታል። የጋብቻውንም ወረቀት ደህና ቦታ ያስቀምጥ፤ እሱ ቢሞት የጡረታው ግማሽ ለሚስቲቱ ነውና። ወኪሉን ደግሞ የእድሩን መዋጮ ከዚያው ላይ እንዲከፍል ይንገሩት።