መሐንዲስ ሲናን እና የአያሶፊያ መስጂድ ጥገና



የታላላቅ መስጂዶች ታሪክ ሲወሳ ማን እንዳሠራቸው ይነገራል፤ ማን እንደጠገናቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአዲስ ሥራዎቹ ስሙ የገነነው ሲናንም ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ ሕንፃ መርማሪ ነበር።

ሲናን በአናቶሊያ፣ በካይሰሪ አቅራቢያ ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዶ በወጣትነቱ ለዑስማኒያ ጦር ተመለመለ፤ እስልምናንም ተቀበለ። ሙያውን ያዳበረው በዘመቻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1538 በፕሩት ወንዝ ላይ በ13 ቀን ድልድይ ሠራ። ብዙም ሳይቆይ የሱልጣኑ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ተሾመ። እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም እስከ 1588 (996 ዓመተ ሂጅራ)፣ ለሃምሳ ዓመት ያህል በሹመቱ ቆየ።

አያሶፊያ ከ532 እስከ 537 በቤተ ክርስቲያንነት ተሠርቶ በ1453 መስጂድ የሆነ ሕንፃ ነው። ሕመሙ ከውልደቱ ይጀምራል። 31 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉልላት ክብደቱን ወደ ታች ብቻ አያወርድም፤ ወደ ጎንም ይገፋል። ግንበኞቹ ደግሞ ቸኩለው ነበር። በጡቦቹ መካከል በወፍራሙ የገባው የኖራ ማጣበቂያ በቅጡ ሳይጠነክር ሸክም ተጫነበት፤ ዓምዶቹም ገና ያኔ ወደ ውጭ ዘመሙ። በ558 ጉልላቱ ወደቀ። ከፍ ተደርጎ እንደገና ቢሠራም በ989 እና በ1346 ከፊሉ ተናደ።

በ1573 ሱልጣን ሰሊም 2ኛ ሕንፃውን በባለሙያዎች አስመረመረ። የታየው ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቤት ሠርተዋል። (በየከተማችን የመስጂድ አጥር ተደግፎ የቆመው ሱቅ ስንት ነው?) ቤት የተለጠፈበት ግድግዳ ስንጥቁ አይታይም፤ ለድጋፍ ግንብ መሠረት መቆፈሪያ ቦታም አይገኝም። ስለዚህ ቤቶቹ እንዲነሱ ታዘዘ። ሕንፃው ሙስሊሞች የሠሩት አይደለምና ለእሱ ተብሎ ቤት አይፍረስ ያሉ ነበሩ፤ ፈትዋው ግን ተቃወማቸው። እንደ እኔ ከድንጋዩ ሥራ ይልቅ ከባዱ ይህ ነበር።

ከዚያ ሲናን ጉልላቱ በሚገፋበት አቅጣጫ ከባድ የድጋፍ ግንቦች አቆመ፤ ሚናራዎችም ተጨመሩ። ግንቦቹን ያየ ሰው የሕንፃውን መልክ አበላሹት ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ውበት አልጨመሩም። ለውበት ግን አልተሠሩም።

ልብ በል፤ ያን ጊዜ ሲናን በኤዲርኔ የሰሊሚዬን መስጂድ በመገንባት ላይ ነበር። የሰሊሚዬ ጉልላት ስፋቱ ከአያሶፊያ ጋር ይቀራረባል። ሲናን ግን ሸክሙን በስምንት ዓምዶች ላይ አከፋፈለው፤ ድጋፉንም ከግድግዳው ጋር አዋሐደው። በአያሶፊያ ከውጭ ተለጥፎ የሚታየው በሰሊሚዬ ውስጥ ተሰውሯል። አሮጌውን ሕንፃ ዘመኑን ሁሉ ሲመረምር የኖረ ሰው ለአዲሱ ምን እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሱልጣን ሰሊም በ1574 መጨረሻ ሞተ። ሰሊሚዬ በ1575 ለሶላት ሲከፈት አላየም፤ የአያሶፊያም ቀሪ ሥራ ወደ ልጁ ወደ ሙራድ 3ኛ ተላለፈ። ሰሊም የተቀበረው በአያሶፊያ ግቢ፣ ሲናን በሠራለት መቃብር ውስጥ ነው።