እንጀራና እርካታ በሐይቅ ዳር፦ ከሐዋሳ የሥራ ታሪክ

የሐዋሳ ከተማ ምሥረታ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ታሪኩ ከልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ከተማዋ እንደ ጎንደር በቤተ መንግሥት ዙሪያ ወይም እንደ ሐረር በቆየ ገበያ ላይ ያደገች አይደለችም፤ በዕቅድ የተቆረቆረች፣ በጡረታ ለተሰናበቱ ወታደሮች የእርሻ መሬት የተሰጠባት፣ ከዚያም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከይርጋለም የተዛወረባት ናት። ስለዚህ ሰው በምን ሥራ ይደር የሚለው ጥያቄ ከመነሻዋ አንሥቶ በመንግሥት ጠረጴዛ ላይ የነበረ ጥያቄ ነው። ሠራተኛው በሥራው ደስ ይለው እንደሆነ ግን የጠየቀ እምብዛም አልነበረም።

ከከተማዋ በፊት በሲዳማ ምድር የሰው ክብር የሚለካው በአመዛኙ በከብቱና በእንሰት ማሳው ነበር። ሸክላ የሚሠሩት ሐዲቾ፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ቱንቲቾ እና ቆዳ የሚያለፉት አዋቾ በመባል የሚታወቁት የባለሙያ ወገኖች፣ ገበሬው ያለ ሥራቸው ውሎ የማያድር ቢሆንም፣ በጋብቻ ተገልለው የኖሩ ነበሩ። ይህ የሲዳማ ብቻ ነውር አልነበረም፤ አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ በመላ አገሪቱ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን በእጇ ስታሽና ቅርጽ ስታወጣለት የምታገኘው የጥበብ ደስታ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ማሰሮዋን የሚገዛው ጎረቤት ልጇን ለጋብቻ የማይጠይቅ ከሆነ፣ ያ ደስታ ከጎጆዋ ደጃፍ አያልፍም ነበር።

ከተማዋ ለዚህ ንቀት ያቀረበችው አማራጭ የደመወዝ ሥራ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በደርግ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ኮሌጁ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም የዛሬው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ ሆነ። የወላጅ ምኞትም ልጅ ተምሮ ቢሮ እንዲገባ ሆነ፤ ምኞቱ ለመረዳት የሚያስቸግር ባይሆንም፣ በእጅ ለሚሠራው ሥራ የነበረውን ንቀት በአዲስ መልክ አቆየው ማለት ይቻላል።

ማንም ሳያቅድለት ያደገው ሙያ በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ማስገር ነው። ለከብት አርቢው ማኅበረሰብ ዓሣ ዋና ምግብ አልነበረም፤ ገበያውን የፈጠሩለት በዋናነት የከተማዋ ነዋሪዎች፣ እንግዶችና በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። አስጋሪው ምሽት ላይ መረቡን ጥሎ ንጋት ላይ ያነሣል፤ ቆሮሶ የሚባለውን ተወዳጅ ዓሣ በመረብ፣ ጭቃ ወዳዱን አምባዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመንጠቆ ይይዛል። ጀልባው አሞራ ገደል በተባለው የዓሣ ገበያ ሲደርስ ወጣቶች በስለት ቆዳውን ገፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ ራሱና አጥንቱ ለሾርባ ይቀርባል፤ የተጣለው ሆድ ዕቃ ደግሞ በዙሪያው ለቆሙት አባ ኮዳዎች ይሆናል። ገቢው የማይጨበጥ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ ማዕበሉም አስጊ ነው። ነገር ግን የነፋሱን መነሻ፣ የዓሣውን መራቢያ ደንገልና የመረቡን አጣጣል የሚያውቀው ራሱ አስጋሪው ስለሆነ፣ ከእኩዮቹ ዘንድ ስም የሚያወጣለት ይኸው ዕውቀቱ ነው፤ አለቃም ቢኖረው ሐይቁ ላይ አብሮት አይቀዝፍም።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአስጋሪው ሥራ ተቃራኒ ነበር። የቻይና ኩባንያ የገነባቸው 52 ሼዶች፣ ማለትም ሰፋፊ የማምረቻ አዳራሾች፣ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከገጠር ለመጡ ወጣት ሴቶች ሥራ ከፈቱ። መነሻ ደመወዙ በ2011 ዓ.ም. አካባቢ በወር 26 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎቹም ከጥቂት ወራት በኋላ ለቀው ይሄዱ ነበር። ይህን ከኢንዱስትሪ ባህል አለመኖር ጋር ብቻ ማያያዝ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ለቤት ኪራይና ለምግብ ከሚወጣው የሚተርፈው ኢምንት ነበር፤ በስፌት መስመሩ ላይም አንዲት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ወይም ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ ስለምትውል፣ ያለቀውን ሸሚዝ የእኔ ሥራ ብላ የምትጠራበት ዕድል አልነበራትም። ለአንዳንዶቹ ግን ያ ደመወዝ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው እጅ የገባ ገንዘብ ነበር፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለቱም እንጀራዎች ኋላ ላይ አደጋ ገጥሟቸዋል። በሐይቁ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ያላደገውን ቆሮሶ እየጠረገ ምርቱን አመነመነው፤ ይሁንና ይህን ለመቆጣጠር የሚያስችል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የመረቡን ዓይን የማስፋቱም ጉዳይ እዚያው ሐዋሳ ላይ አስጋሪዎችና አስተዳደሩ የሚነጋገሩበት ነው። የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚያስገቡበት አጎአ የተባለው ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ሲታገድና ፒቪኤች የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ ሲዘጋ ግን፣ ልብስ ሰፊዋ የእጇን ፍጥነት እጥፍ ብታደርግ እንኳ ዋሽንግተን ላይ የተወሰነውን የምትለውጥበት መንገድ አልነበራትም።