የቤተ እስራኤል ቃጭል፦ ከጎንደር እስከ ኢየሩሳሌም

ቃጭል በቤተ እስራኤል (በኢትዮጵያ አይሁዶች) ጸሎት ከነጋሪት ጋር አብሮ የሚመታ፣ በእጅ የሚያዝ ጠፍጣፋ የብረት መሣሪያ ነው። በቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ሰዓት ከሚቃጨለው ይለያል፤ ምላስ የለውም፣ ድምፅ የሚሰጠው ሲመታ ብቻ ነው። የቤተ እስራኤል ቄሶች በግዕዝና በአገውኛ እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ምቱን የሚጠብቁት ሁለቱ መሣሪያዎች ናቸው። ዜማው ምልክት ተደርጎለት አልተጻፈም፤ የሚወረሰው በጆሮና በእጅ ነው።

ይህ ሥርዓት በአምቦበር፣ በወለቃና በሌሎቹ የጎንደር መንደሮች፣ ማኅበረሰቡ መስጊድ በሚላቸው የጸሎት ቤቶቹ ኖሯል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ካይ ካውፍማን ሸለማይ እ.ኤ.አ. በ1973 አምቦበር ተቀምጣ ጸሎቱን ቀርጻለች። በእስራኤል ደግሞ የሙዚቃ ተመራማሪው ሲምሃ አሮምና ባልደረቦቹ ቀርጸውታል።

ሕዝቡ ወደ እስራኤል ያደረገው ጉዞ በሁለት ታላላቅ ዘመቻዎች ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ 14 ሺህ ያህል ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ። ብዙም የማይነገረው በዚህ ጉዞ ቃጭሉ የገጠመው ዕጣ ነው። በእግሩ ሱዳን የወረደ ሰው ልጁን ይሸከም ነበር እንጂ ብዙ ዕቃ አልያዘም፤ በ1991ም ሕዝቡ ባዶ እጁን ሊባል በሚችል ሁኔታ ነው አውሮፕላን የገባው። በእስራኤል በመርከዝ ክሊታ (በመጤዎች መቀበያ ማዕከል) እና በካራቫን ሰፈር የነበሩት ቄሶች መሣሪያ ቢያገኙ እንኳ የሚመቱበት ቦታ አልነበራቸውም። የረቢዎች ሕግ በሰንበትና በበዓል መሣሪያ መምታትን ስለሚከለክል፣ ከበዓል ጸሎት ጋር የኖረው ቃጭል ከምኩራብ ደጅ ቀረ። በ1985 የሕዝቡ አይሁድነት ራሱ ተጠይቆ፣ በኢየሩሳሌም በረቢነቱ መሥሪያ ቤት ፊት ሰልፍ እስከ መውጣት ተደርሷል። ቄሶቹ የማጋባት ሥልጣናቸውን ሲያጡ የዜማቸው ክብርም አብሮ ዝቅ ብሏል። ይህ ቁስል ዛሬም አልሻረም።

በእስራኤል ቃጭልን ማን ቀድሞ መታው የሚለው ክርክር አላባራም። የትግራይ ሰዎች ብዙዎቹ ቀድመው ስለገቡ ቀዳሚነቱ የኛ ነው ይላሉ፤ የጎንደር ሰዎች ደግሞ የሥርዓቱ ምንጭ አምቦበር ነው ብለው አይለቁም። በመምጣት የትግራዮቹ መቅደም እርግጥ ነው። ምስጋናው ግን ለአንድ ወገን ብቻ አይሰጥም፤ «እዚህ አይሆንም» እየተባሉ በየካራቫኑ ጸሎቱን ሳያቋርጡ የቆዩት ሽማግሌ ቄሶች ሁሉ ባለቤቶቹ ናቸው።

ከቤተ እስራኤል በዓላት አንዱ የሆነውን ስግድን የክነሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) ሕግ ብሔራዊ በዓል ያደረገው በ2008 ነው። ዛሬ በኢየሩሳሌም፣ በአርሞን ሃናጺቭ ጃንጥላ ተዘርግቶ ኦሪት ሲነበብ የሚያይ ወጣት በዓሉ ከጥንት ጀምሮ እዚያ የነበረ ይመስለዋል። ሕጉ ዕለቱን አስከብሯል፤ የቃጭሉን አመታት ግን አያስተምርም። የሚያውቁት ቄሶች እያረጁ ናቸውና መማር የሚሻ ወጣት ዛሬውኑ ከእነርሱ ጋር ይቀመጥ፤ ማኅበረሰቡም የማስተማሪያ ጊዜና ቦታ ይስጣቸው።