በችግር ጊዜ የኦንላይን ገበያ ሽያጭ ደንቦች

በችግር ጊዜ የኦንላይን ገበያ ሽያጭ ደንቦች የሚባሉት እንደ አማዞን፣ ኢቤይና ፌስቡክ ያሉ ድርጅቶች ወረርሽኝ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ሌላ አስቸኳይ ሁኔታ ሲደርስ በገጻቸው ላይ ማን፣ ምን ዕቃ፣ በምን ዋጋ መሸጥ እንደሚችል የሚወስኑባቸው ደንቦች ናቸው። ዋና ዓላማቸው ከገበያ የጠፋ ዕቃን አከማችቶ ያለአግባብ በተጋነነ ዋጋ መሸጥን መከላከል ነው። ደንቦቹ በሰፊው የተፈተኑት በ2020 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍ በተለይ የአሜሪካን ሁኔታ ይመለከታል። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መነሻ

በአማዞን ላይ ከሚሸጡት ዕቃዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የድርጅቱ ሳይሆኑ የሦስተኛ ወገን ሻጮች ናቸው። በኢቤይ ደግሞ ሻጮቹ በሙሉ ሌሎች ሰዎችና ድርጅቶች ናቸው። ዋጋውን የሚተምነው ሻጩ ስለሆነ፣ ዕቃ ሲጠፋ ከሱቅ ሰብስቦ በኦንላይን መልሶ መሸጥ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት ካወጀ በኋላ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ሳኒታይዘርና የፀረ ተሕዋስያን መጥረጊያ በብዙ አገሮች ከመደርደሪያ ጠፉ፤ የሆስፒታል ሠራተኞችም ሳይቀሩ የመሸፈኛ እጥረት ገጠማቸው።

የድርጅቶቹ እርምጃዎች

ድርጅቶቹ የተከተሉት መንገድ አንድ ዓይነት አልነበረም።

ኢቤይ ዋጋን ከመቆጣጠር ይልቅ ዕቃዎቹን ጨርሶ ከለከለ። ማርች 5 ቀን 2020 በአሜሪካ ገጹ ላይ ኤን95ን ጨምሮ የሕክምና መሸፈኛዎች፣ ሳኒታይዘርና የፀረ ተሕዋስያን መጥረጊያ እንዳይሸጡ አገደ። ፌስቡክም በማግስቱ የሕክምና መሸፈኛ ማስታወቂያዎችንና ሽያጭን ለጊዜው እንደሚያግድ አስታወቀ።

አማዞን ግን ሽያጩን ፈቅዶ ከወረርሽኙ በፊት በነበረው የተመጣጣኝ ዋጋ ደንቡ ለመቆጣጠር ሞከረ። ደንቡ ከቅርብ ጊዜ ዋጋ እጅግ የራቀ ዋጋ ማስከፈልን ይከለክላል። ሻጩ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ትርፉን በማጓጓዣ ክፍያ ውስጥ እንዳይደብቅም የተጋነነ የማጓጓዣ ክፍያን ይከለክላል። ቅጣቱ ዕቃውን ከገጹ ከማንሳት እስከ ሻጩን ማገድ ይደርሳል። ድርጅቱ በማርች ወር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሽያጭ ዝርዝሮችን እንዳነሳና በአሜሪካ ገጹ ብቻ ከ3,900 በላይ የሻጭ አካውንቶችን እንዳገደ ገልጿል። በኤፕሪል ደግሞ ኤን95 መሸፈኛን ለሕዝብ መሸጥ አቁሞ ለሆስፒታሎችና ለመንግሥት ተቋማት ብቻ አደረገ።

የደንቡን ውጤት በግልጽ ያሳየው በቴነሲ ግዛት የተፈጸመው ድርጊት ነው። ሁለት ወንድማማቾች ከቴነሲና ከኬንታኪ ሱቆች ብዙ ሳኒታይዘር ሰብስበው 300 ጠርሙስ ያህል እያንዳንዱን ከ8 እስከ 70 ዶላር ከሸጡ በኋላ፣ አማዞን ዝርዝሩን በማንሳቱ 17,700 ጠርሙስ በእጃቸው ቀረ። ጉዳዩ በማርች 14 በጋዜጣ ከወጣ በኋላ የግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ምርመራ ጀመረ፤ እነሱም ዕቃውን በእርዳታ ሰጡ።

የመንግሥት ሕጎች

በወቅቱ አሜሪካ በችግር ጊዜ ዋጋ ማስወደድን በአጠቃላይ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አልነበራትም። ጉዳዩ የየግዛቶቹ ነበር። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው ኒው ዮርክ በ1979 ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ አስቸኳይ ሁኔታ ከታወጀ በኋላ ዋጋን በአመዛኙ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር ወንጀል ነው። ማርች 23 ቀን 2020 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የመከላከያ ምርት ሕግን መሠረት አድርገው የሕክምና ዕቃዎችን ማከማቸትን የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ። ጥሰቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 10,000 ዶላር ያስቀጣል። ከሁለት ቀን በኋላ የ33 ጠቅላይ ዓቃብያነ ሕግ ቡድን ለአማዞን፣ ለኢቤይ፣ ለፌስቡክ፣ ለዋልማርትና ለክሬግስሊስት በጻፈው ደብዳቤ ቁጥጥሩን እንዲያጠብቁ ጠየቀ።

የፍርድ ቤት ክርክር

በኬንታኪ የኦንላይን ነጋዴዎች ማኅበር የግዛቱን ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ከሰሰ። የማኅበሩ መከራከሪያ ይህ ነበር፦ በአማዞን ላይ ያለ ሻጭ ለእያንዳንዱ ግዛት የተለያየ ዋጋ ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ የአንድ ግዛት ሕግ በተግባር የመላ አገሪቱን ዋጋ ይወስናል፤ ይህም የግዛቶችን የእርስ በርስ ንግድ ከሚመለከተው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ጋር ይጋጫል። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ በጁን 2020 ለማኅበሩ ጊዜያዊ እግድ ሰጠ። የ6ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በኤፕሪል 2021 እግዱን ሻረ፤ በሌሎች ግዛቶች ላይ የሚታየው ውጤት የሚመጣው ከሕጉ ሳይሆን አማዞን ገበያውን ካደራጀበት መንገድ ነው አለ።

ትችቶች

አንዳንድ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የዋጋ መጨመር ሰው የሚያስፈልገውን ብቻ እንዲገዛና አምራቾች ምርት እንዲጨምሩ ስለሚያደርግ መከልከል የለበትም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ፋብሪካ በጥቂት ቀናት ምርቱን ማባዛት ስለማይችል፣ ከሱቅ ሰብስቦ የሚሸጥ ሰውም አዲስ ዕቃ ስለማያመርት፣ ጭማሪው ድሃውን ብቻ ይጎዳል ብለው ይመልሳሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ገበያውን የሚቆጣጠረው ድርጅት ራሱ ሻጭ መሆኑ ነው። ፐብሊክ ሲቲዝን የተባለው የሸማቾች መብት ድርጅት በሴፕቴምበር 2020 ባወጣው ሪፖርት፣ አማዞን ራሱ በሚሸጣቸው አንዳንድ አስፈላጊ ዕቃዎች ላይም ዋጋ በእጅጉ ጨምሮ እንደነበር ገልጿል። አማዞን ይህን አልተቀበለም።

ሦስተኛው ችግር ቴክኒካዊ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዋጋዎችን በሰው ዓይን መከታተል ስለማይቻል ሥራው በአብዛኛው በሶፍትዌር ይከናወናል። ፕሮግራሙ አዲሱን ዋጋ ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ቢችልም፣ ጭማሪው ከስግብግብነት ይምጣ ወይም ሻጩ ራሱ በውድ ዋጋ ስለገዛ ከዋጋው ብቻ ለይቶ ማወቅ አይችልም። በዚህም የተነሳ ደንቡ ሲላላ አከማቹ ያመልጣል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ዕቃውን በሐቅ የሚያቀርበው ነጋዴ ሊታገድ ይችላል።