ከካሴት እስከ 4ኬ፦ የቤት ቪዲዮ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

እስከ ዛሬ ለቤት ከተሠሩ የቪዲዮ ዲስኮች ሁሉ ምስሉ የጠራው አልትራ ኤችዲ ብሉሬይ ነው። መስፈርቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጠናቀቀ፤ የመጀመሪያዎቹ ዲስኮችም በዓመቱ ለገበያ ቀረቡ። በአዳማ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን መግዛት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ዲስኩንና ማጫወቻውን ግን ከዚያው መደርደሪያ ላይ ማግኘት ይቸግራል። ቴሌቪዥኑ መጥቶ ዲስኩ ለምን ቀረ? ወደፊትስ ከእሱ ምን እንጠብቅ? መልሱ ያለው ቪዲዮ ወደ እነዚህ ከተሞች በገባበት መንገድ ውስጥ ነው። በየዘመኑ ምስሉ እየጠራ መጥቷል፤ በአሮጌው ዕቃ ላይ የተቀረጸው ሕይወት ግን ወደ አዲሱ ሳይሻገር እየቀረ ነው።

ዴክና ካሴት

ቪዲዮ መብራት ይፈልጋል፤ በዚህ ረገድ አዳማ ቀድማ የታደለች ከተማ ናት። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ በቅርብ ርቀት ላይ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት ጀመረ፤ የቀለም ምስል የመጣው ግን በ1977 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ ቪኤችኤስ ካሴትን አወጣ።

የካሴት ማጫወቻው ዴክ አስቀድሞ የገባው ነጋዴዎችና ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ሰዎች ቤት ነበር። ሌላው ሕዝብ ቪዲዮ ቤት ይሄዳል። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ መስኮቱ በተጋረደ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የህንድና የካራቴ ፊልም ያየ ትውልድ አለ። ካሴት ማከራያዎችም በየሰፈሩ ተከፈቱ።

ከሁሉም በላይ ዋጋ የነበረው ግን የሠርግ ካሴት ነው። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ረዳቱ መብራት ይዞ፣ ከሽምግልናው እስከ መልሱ ይከታተላል። ካሴቱ ተባዝቶ ለወላጅ፣ ለሚዜ፣ ጅዳና ዋሽንግተን ላሉ ወንድምና እህት ይላካል። እዚያ ግን እንቅፋት ነበር። አሜሪካ ትጠቀም የነበረው ኤንቲኤስሲ የተባለውን ሥርዓት ሲሆን ኢትዮጵያ ደግሞ ፓልን ነበር። ሁለቱንም የማያነብ ዴክ ውስጥ የገባ ካሴት ምስሉ ይንከባለላል፣ ቀለሙም ይጠፋል። የዕቃ መስፈርት የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን ብዙዎች የተማሩት ያኔ ነው።

ሲዲ አንድ፣ ሲዲ ሁለት

ከካሴት ቀጥሎ የመጣው የቪሲዲ ዲስክ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ። አንዱ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ፊልሙ ሲጋመስ ተነሥቶ «ሲዲ ሁለት»ን መክተት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ዲቪዲ በአንድ ገጽታው 4.7 ጊጋባይት ይዞ ይህን ችግር ፈታ። ኮፒ ነጋዴዎችም ምስሉን እየጨመቁ ብዙ ፊልም በአንድ ዲቪዲ ማጨቅ ለመዱ።

ይህ ወቅት የአማርኛ ፊልም የተነሣበትም ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የቴዎድሮስ ተሾመን «ቀዝቃዛ ወላፈን» የመሳሰሉ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ ሥራዎች ሲኒማ ቤቶችን ሞሉ። አካሄዱ የታወቀ ነበር፤ ፊልሙ አስቀድሞ በሲኒማ ይታያል፣ ቆየት ብሎ በቪሲዲ ይወጣል። አዳማ፣ መቂ ወይም አርሲ ነገሌ ያለ ተመልካች የሚያገኘው በአብዛኛው ይህን ሁለተኛውን ነው። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቢወጣም፣ ኦሪጅናሉ ሱቅ ሳይደርስ ኮፒው መንገድ ላይ ይሸጥ ነበር።

ለኦሮምኛ ሙዚቃ ዲስኩ ትልቅ ነገር አደረገ። በካሴት ድምፁ ብቻ ይሰማ የነበረው ዘፈን ከልብሱ፣ ከፈረሱ፣ ከመልክዓ ምድሩና ከጭፈራው ጋር ወደየቤቱ ገባ። የድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ የሥራ ጉዞ የዘመኑን መሸጋገር በግልጽ ያሳያል። «ሰኚ ሞቲ» እ.ኤ.አ. በ2009፣ «ዋኤ ኬኛ» በ2013 በአልበም ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ማላን ጅራ» ግን በዩቲዩብ አገር ምድሩን አዳረሰ።

ፍላሽ፣ ዲሽና ኢንተርኔት

ተራው ብሉሬይ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ በሌላው ዓለም የዲቪዲን ቦታ ሲጋፋ፣ እኛ ጋ ሳይነካን አለፈ። ከዲቪዲ በቀጥታ የተሻገርነው ወደ ፍላሽና ወደ ሚሞሪ ካርድ ነው። «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» የሚሉ ትንንሽ ሱቆች የዲስክ ሻጩን ተኩ። ባቱ የአበባ እርሻ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ኪራይ ቤቱ ቴሌቪዥን ባይኖረው ስልኩ ሲኒማው ሆነ። ዲሽም ተስፋፋ። አዲሱ 4ኬ ዲስክ በወጣበት በ2016 እ.ኤ.አ.፣ እኛ ጋ የቤተሰቡን ምሽት የያዘው የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እየመለሰ ማቅረብ የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን ነበር። ዋና መቀመጫው አዳማ የሆነው የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክም የአካባቢውን ሕይወት በኦሮምኛ ያደርስ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የ4ጂ አገልግሎት አዳማና አካባቢዋ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ሆኖ ገባ።

አዲሱ ዲስክ የሚሰጠው

ዲስኩ የሚሰጠው ጥራት የማስታወቂያ ወሬ ብቻ አይደለም። የቪሲዲ ምስል በፓል 352 በ288 ነጥብ ነው፤ የዲቪዲ 720 በ576፣ የብሉሬይ 1920 በ1080፣ የአዲሱ ደግሞ 3840 በ2160። የአዲሱ ነጥቦች ከቪሲዲ 80 እጥፍ ይበልጣሉ። ቀለሙ በ8 ቢት ፈንታ በ10 ቢት ስለሚመዘገብ 16.7 ሚሊዮን የነበረው የቀለም ደረጃ ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። ኤችዲአር የተባለው አሠራር ደግሞ የብርሃንና የጥላን ልዩነት ያሰፋል፤ ነጭ ነጠላ በቀትር ፀሐይ ሲቀረጽ ጥለቱም የጨርቁ ድርም ሳይጠፋ ይታያል።

ዲስኩ እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛል፣ በሴኮንድም ከ100 ሜጋቢት በላይ ሊያነብብ ይችላል። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ ምስል የሚጠይቀው 15 ሜጋቢት ብቻ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው 4ኬ በስም ከዲስኩ ቢመሳሰልም እጅግ ተጨምቆ የሚመጣ ነው ማለት ነው። ዲስኩ እንደ ዲቪዲ በሽያጭ ክልል የተቆለፈ አለመሆኑም ለእኛ ጥሩ ዜና ነው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የተገዛ ዲስክ እዚህም ይሠራል።

እንግዲህ ምን እንጠብቅ?

አዲስ የዲስክ ገበያ እንደማይመጣ አውቀን እንነሣ። ማጫወቻውን ቀድመው ከሸጡት አንዱ የሆነው ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዘርፉ ወጣ። ኔትፍሊክስ ዲቪዲ በፖስታ ማከራየቱን በ2023 አቆመ። ሶኒ ደግሞ በ2025 ባዶ ብሉሬይ ዲስክ ማምረቱን አቁሟል። ዲስኩ ፊልም አፍቃሪዎች ለጥራቱ ሲሉ የሚይዙት ዕቃ ሆኖ ይቀጥላል እንጂ እንደ ቪሲዲ በየጎዳናው አይሸጥም።

ዲስኩ ያልተቀረጸውን እንደማይፈጥርም መገንዘብ ይገባል። የፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራው በፊልም ክር ነው፤ በክሩ ላይ ብዙ ዝርዝር ስለነበረ በ2021 በ4ኬ ታድሶ ለዓለም ቀረበ። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹት የ1990ዎቹ ዓ.ም. ፊልሞቻችንና የሠርግ ካሴቶቻችን ግን ያ ዕድል የላቸውም። ሊገኝ የሚችለው ያኔ የተመዘገበው ብቻ ነው፤ እሱም በየቀኑ እየሳሳ ነው። የካሴት ማግኔት በሙቀትና በአቧራ ይጎዳል፤ የመተሐራንና የወለንጪቲን ፀሐይ ለሚያውቅ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ቤት ውስጥ በኮምፒዩተር የተቀዳ ሲዲም ቀለሙ በብርሃንና በሙቀት ይበላሻል። የሚሠራ ዴክና የሚጠግነው ባለሙያ ደግሞ እየጠፉ ነው።

ስለዚህ ከ4ኬ ዘመን ልንወስደው የሚገባን ትልቁ ነገር ምስልን በሙሉ ጥራቱ፣ በእጅ በሚገባ ቅጂ የማኖር ልማድ ነው። የአዳማ የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያዎች ዛሬ በ4ኬ ይቀርጻሉ፤ ሥራውን በአንድ ፍላሽ ብቻ ሰጥተው ዋናውን ከኮምፒዩተራቸው ባይሰርዙ፣ ደንበኛውም ሁለተኛ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ቢጠይቅ ብዙ ጥፋት ይድናል። ፊልም ሠሪዎች ዋናውን ቅጂ ከዩቲዩብ ውጭ ሊያስቀምጡ ይገባል፤ ዩቲዩብ የሚይዘው የተጨመቀውን ነውና። እንደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም ጥቂት ደህና ዴኮችንና አንድ ክፍል ቢመድብ፣ የአካባቢው ሕዝብ ካሴቱን አምጥቶ ወደ ዲጂታል የሚያስገለብጥበት ማዕከል ይሆናል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜ ግን አይሰጥም። ካሴቶቹ ካለፉ በኋላ የሚመጣ 4ኬ፣ 8ኬም ቢሆን፣ የ1980ዎቹ ዓ.ም. ሠርግን፣ የእናቶችን እልልታና የሽማግሌዎችን ምርቃት መልሶ ሊያሳየን አይችልም።